የመስቀለኛው መንገድ አበልጅ

ስታራ ቨርባ መንደር መጥቶ፣ የቬንደል ፀጉር ቤት በር ላይ ቆሞ፣ አራት ቋንቋ አልሰማሁም የሚል ሰው ካለ ጆሮውን ይታጠብ። ሰርቡ ስለ በቆሎው፣ ሩማኒያው ስለ ፈረሱ፣ ጀርመኑ ስለ አሳማው፣ ሃንጋሪው ስለ ሁሉም ነገር ያማርራል። ቬንደል የሁሉንም ጉንጭ በሳሙና አረፋ እየለቀለቀ ለእያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ይመልሳል። አንዳንዴ ወሬውን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሰዋል፤ ማንም ልብ አይለውም። ባናት በሚባለው በእኛ አገር ሰው የሚያወራው እንዲያ ነው።

ሰውየው ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አጭር፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ሪዙን በሰም አሹሎ የሚያቆም። ሃንጋሪ ነው፣ ካቶሊክ ነው። ከቲሳ ወንዝ ማዶ የመጣው በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ አንድ ሳጥን ምላጭና ቴክላ የምትባል ሳቂታ ሚስት ይዞ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ጋሊሲያ ድረስ ወስዶ የመኮንኖች ጺም ሲያስላጨው ከርሞ መለሰው። ሲመለስ ንጉሡም ተቀይሯል፣ ድንበሩም ተቀይሯል፤ ወንበሩ ግን እዚያው ነበር። ተቀመጠና፣ ማለቴ ሰው አስቀመጠና፣ ሥራውን ቀጠለ። በመከር ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ለዓመቱ መላጫ ስንዴ ያመጣለታል፤ በገና ሰሞን ደግሞ ቋሊማ። ሰው ይወደዋል፣ «ማይስቶር»፣ ባለሙያው፣ ብሎ ያከብረዋል። ቴክላ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልነበራቸውም። በዚህ ዓለም ምን ጎደለህ ብትሉት «ፀጉር!» ይላል ራሰ በራውን እየዳበሰ። ውሸቱን ነው። የጎደለውን እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ነገሩ ከአንዲት ቃል ይጀምራል። ሃንጋሪ ወዳጁን «ኮማ» ይለዋል። ለገበያ ጎረቤትም፣ ለመጠጥ ጓደኛም ይባላል፤ ክብደት የለውም። ቬንደል መንደሩ በገባ በሳምንቱ፣ ገና ሰርብኛ ሲንተባተብ፣ ግሊጎሪዬ የሚባል ገበሬ ሊላጭ ተቀመጠ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ፣ «አገጭህን ቀና አድርጋት፣ ኮማ» ይለዋል። ግሊጎሪዬ «ኩም» ያለው መስሎት ብድግ አለ።

«ኩምህ ማን ነው? እኔ ነኝ ኩምህ?»

«ኧረ ለወዳጅነት ነው ጌታዬ...»

«የትኛውን ልጄን ክርስትና አነሳህ? ንገረኛ! የትኛውን?»

በግማሽ ጺም መንደሩን አቋርጦ ቤቱ ገባ። ሦስት ቀን እንደዚያው ከርሞ፣ ሚስቱ ፐርሲዳ ናት «ግማሽ ሰው አላበላም» ብላ ጎትታ የመለሰችው። ሰርብ ዘንድ ኩም ማለት አበልጅ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ክርስትና የሚያነሳው፣ የሚያጋባው እሱ ነው። የልጁን ስም የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው፤ አባት እንኳ ቃል አይተነፍስም። ኩምነት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ሁለት ቤቶች መቶ ዓመት በዚያ ተሳስረው ይኖራሉ። ከኩም ጋር አይጣሉም፣ አይጋቡም፤ ኩም ሁን የተባለ ሰውም እምቢ አይልም። ወንድም በደም ነው፣ ኩም ግን በእግዜር ነው ይላሉ።

ቬንደል ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሏን ፈራት። ፈራት ብቻ? ወደዳትም። አንድ የቆየ ደብተር ይዞ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ «እናንተ ዘንድስ አበልጅ ምን ይባላል? ምን ያደርጋል?» እያለ መጠየቅ ልማዱ ሆነ። ይኼ ጥያቄ ስንት ቅዳሜ እንደበላ እግዜር ይወቀው።

«ቃሏ የእኛ ናት» ይላል ጋሪ ነጂው ትሪፎን፣ ሩማኒያ ነው። «ኩመትሩ! በቀጥታ ከሮም፣ ከነቄሳሩ።»

«ቄሳሩ ያንተን ጋሪ ቢያይ በእግሩ ይሄድ ነበር» ይለዋል ስፓሶዬ። ስፓሶዬ ሰርብ ነው፤ አሜሪካ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ የመጣ። «ደግሞ እናንተ ዘንድ ኩመትሩ ማለት ጠጪ ማለት ነው። ያልሰከረውን ኩመትሩ አትሉትም።»

«ካልጠጣማ ምኑን አበልጅ ሆነው!»

ይኼን ጊዜ ፋርማሲስቱ ኸር አሎይስ መነጽሩን ይጠርጋል። ጀርመን ነው፤ «ኸር» በእነሱ «አቶ» ማለት ነው፤ ቤቱ ሁለት ክንድ የሚሆን መጽሐፍ አለው፤ ያላነበበውን አይናገርም፤ ያነበበውን ደግሞ ሳይናገር አያድርም። «ሁላችሁም ተሳስታችኋል» ይላል። «ሥሩ ላቲን ነው። ‹አብሮ አባት› ማለት ነው፤ አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ የለም ‹አብሮ እናት› ነው ይላሉ፤ ገና አልታረቁም። እኛ ጀርመኖች ሐሳቡን ብቻ ወስደን በገዛ ቋንቋችን ገጣጠምነውና ጌፋተር አልነው። ስላቮች ቃሉን ራሱን ወሰዱና ጅራቱን ቆረጡት፣ ኩም ሆነ። ሃንጋሪዎች ከስላቮች ተቀበሉትና ክብደቱን መንገድ ላይ ጣሉት።»

«ለመሸከም ስለሰነፍን ነው» ይላል ቬንደል እየሳቀ።

«እኛ እንዲያውም ሞትንም ጌፋተር እንለዋለን፣ በተረት።»

«ሟርትህን ለራስህ!» ብሎ ትሪፎን ያማትባል።

ስፓሶዬ አንድ ቀን ደግሞ ከአሜሪካ ያመጣውን ጨመረ። እዚያ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ሰው ሲያሙ «ጎሲፕ» ይባላል አለ። ኸር አሎይስ ቤቱ ሄዶ መጽሐፍ ገልጦ ተመለሰ፤ እየሮጠ ነው የተመለሰው ቢባል ማን ያምናል። ያቺ ቃል ድሮ «የእግዜር ዘመድ» ማለት ነበረች፤ አበልጅ ማለት ነበረች፤ አበልጆች ተገናኝተው ሲያወሩ ሲያወሩ ሐሜት ሆና ቀረች።

«እንግዲያው ከእኔ ቤት የበለጠ የእግዜር ዘመድ የሚሰበሰብበት የት አለ?» አለ ቬንደል። ሳቁ እስከ ቤተክርስቲያኑ ተሰማ።

ግን ሰዎቹ ሲወጡ፣ የወደቀውን ፀጉር ጠርጎ ሲጨርስ፣ ደብተሩን ገልጦ ያያታል። በአምስት ቋንቋ የተጻፈች አንዲት ቃል። በአንዱም የእሱ አልሆነችም። ሰርቦቹ የወረሱት ኩም አላቸው፤ ሩማኒያዎቹ ከገዛ ቤተክርስቲያናቸው ይወስዳሉ፤ ሃንጋሪው ስምንት ቤት ነው፣ እነሱም እርስ በርሳቸው ክርስትና ተነሳስተው ጨርሰዋል። የልጅ የመጀመሪያ ፀጉርም የሚቆረጠው በኩም እጅ ነው እንጂ በፀጉር ቆራጭ አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመት የመንደሩን ራስ ሁሉ ሲያስተካክል አንድም የመጀመሪያ ፀጉር አልነካም፤ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ይጀምራል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይኼ ነው። አንድ ልጅ አንስቶ ስም ቢያወጣ፣ በመንገድ ሲያልፍ አንድ ቤት «ኩም፣ ግባ እንጂ» ቢለው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ይል ነበር። ለቴክላ ብቻ ነው የነገራት፤ እሷም በጣም ትመኘው ነበር።

እንግዲህ ያ ግማሽ ጺም ይዞ የሮጠው ግሊጎሪዬ ከሞተ ቆይቷል። ሚስቱ እማማ ፐርሲዳ ግን አለች፤ ሰባዋን ልትደፍን ነው፤ ዛሬም ዶሮ ካላት ሴት ሁሉ ጋር ተጣልታ ታርቃለች። ልጇ ዢቫን፣ ስሚልያ የምትባል ዝምተኛ ልጅ አገባ። የመጀመሪያ ልጃቸው ስም ሳይወጣለት በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ሁለተኛው አርባ ቀኑን አልፎ፣ ኩሙ በአያቱ ስም ሰይሞት፣ ከጥርሱ በፊት እሱም ሄደ። ሦስተኛዋ በመስከረም ተወለደች። ሴት ናት፤ ጥቁር ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተደፍቶ ነው የወጣችው።

ቤቱ ሊደሰት ፈራ። ያን ጊዜ የወረሱት ኩማቸው ራሱ መጣና «በእኔ እጅ አልጸናላችሁም። ዕድሉን ቀይሩ፣ ምንም አልቀየምም» አለ። ዕድል የሚቀየርበት መንገድ ደግሞ አንድ ነው። ልጁን ጎህ ሲቀድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቤተሰቡ ይደበቃል፤ መጀመሪያ ያለፈ ሰው፣ ሀብታም ይሁን ለማኝ፣ እሱ ኩም ነው። እግዜር የላከው ስለሆነ አይመረጥም።

እማማ ፐርሲዳ ግን ነገርን ለእግዜር ብቻ የምትተው ሴት አይደለችም። ባለወፍጮው አርካዲዬ ሰባት ልጆች አሉት፣ ሰባቱም ጉንጫቸው እንደ ቲማቲም የቀላ። ዓርብ ዕለት ወፍጮ ቤቱ ሄደች።

«አርካዲዬ፣ እሁድ ጀንበር ስትወጣ በመስቀለኛው መንገድ ድንገት እለፍ።»

«ድንገት?»

«አዎ፣ ድንገት። እንዳታረፍድ!»

የረሳችው አንድ ነገር ነው። እሁድ የትሪፎን ልጅ ሠርግ ነበር። ሙሽራ ደግሞ በሠርጉ ጠዋት፣ ሙዚቀኛው እየተጫወተለት፣ በባለሙያ እጅ ይላጫል። ቬንደል ሳጥኑን ይዞ በጭጋጉ ውስጥ ወጣ፤ እንዳያረፍድ ብሎ አቋራጩን ያዘ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ የበግ ቆዳ አየ። ቀረብ አለ። በቆዳው ውስጥ ሕፃን፣ ደረቷ ላይ በቀይ ክር የታሰረ በሶብላ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ከትልቁ የእንጆሪ ዛፍ ጀርባ የጥቁር ሻሽ ጫፍ ሲንቀሳቀስም አየ፤ የሌላ የማንም ሻሽ እንዳልሆነ፣ የእማማ ፐርሲዳ እንደሆነ አወቀ። ከኋላ ደግሞ፣ ከወፍጮው መንገድ፣ የጋሪ ቃጭል ይሰማል።

ሞኝ አይደለም ቬንደል። ሴትዮዋ እሱን እየጠበቀች እንዳልሆነ ገብቶታል። ሃንጋሪ፣ ካቶሊክ፣ ልጅ ያልወለደ ሽማግሌ፤ በሁለት ሬሳ ማግሥት ይኼ ዕድል ነው? ሁለት እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ። ጋሪው እስኪያልፍ ልደበቅ ብሎ አሰበ። ሠላሳ አምስት ዓመት የተመኘው ነገር እግሩ ሥር ተኝቶ፣ ላሳልፈው አለ፤ ለእሷ ሲል።

ያኔ ልጅቷ አስነጠሰች። ቀጥላም አለቀሰች፤ ብርዱ ገባት መሰለኝ። ጋሪው ገና ሩቅ ነው።

«ኧረ በሕግ!» አለ ቬንደል፤ ሳጥኑን ጥሎ አነሳት፣ ካፖርቱን ከፍቶ ደረቱ ውስጥ ከተታት። «በእግዚአብሔር ስም ተቀብዬሻለሁ፣ እሺ፣ ዝም በይ፣ ተቀብዬሻለሁ» አላት በሃንጋሪኛ።

እማማ ፐርሲዳ ከዛፉ ጀርባ ተስፈንጥራ ወጣች፤ ዢቫን ከኋላዋ።

«ወይኔ! ወይኔ ልጄን! አንተ ሰው፣ በዚህ በኩል ምን ቀረህ?»

«ሙሽራ ልላጭ ነው እማማ። በርዷት ነበር...»

«እሁድ ቀን እንኳ እግርህ አያርፍም?»

አርካዲዬ ጋሪውን አቆመ፤ ቆቡን አወለቀ። «እንግዲህ፣ ድንገት መጣሁ!» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደተለማመደው።

ዢቫን ነው የተናገረው። ለወትሮው እናቱ ፊት አፉን አይከፍትም። «እማዬ፣ በቃ። ያነሳት እሱ ነው። እግዜር ለዚህ ሰው ነው የሰጣት» አለና የቬንደልን እጅ ሳመ። ቬንደል እጁን ሊስብ ሲል ልጅቷን አቅፎ ስለነበር አልቻለም። እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ ምንም አላፈረም።

ደስታው እስከ ቤተክርስቲያኑ ቆየ። ቄሱ ጥሩ ሰው ናቸው፤ በመንደሩ የቬንደል ወንበር ላይ ተቀምጠው የማያውቁት ወንድ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ በጺማቸው ምክንያት። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰውየውን አከብረዋለሁ። ግን መጠመቂያው ፊት ቆሞ ጸሎተ ሃይማኖት የሚደግም የእኛ ሰው መሆን አለበት። ሕግ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም።»

ቬንደል ማንም እንዲከራከርለት ዕድል አልሰጠም። «ገብቶኛል አባቴ። አርካዲዬ ደግ ሰው ነው፣ ለእሱ ይስጧት» ብሎ ልጅቷን ለዢቫን አቀበለ፤ ሳጥኑን አንስቶ ወጣ። ሙሽራው ጋ አርፍዶ ደረሰ። ዋሽንቱ እየተነፋ፣ ቫዮሊኑ እየተመታ፣ ቬንደል በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ጆሮ ቆረጠ።

«ማይስቶር!» ጮኸ ትሪፎን። «ልጄን የምድረው በሁለት ጆሮው ነው!»

ሳቀበት ሁሉም። እሱም ሳቀ፤ ግን ከሠርጉ ግብዣ ሾርባውን ሳይጨርስ ነው የሄደው። ያን ሳምንት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወሬ አልነበረም። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ስፓሶዬ ስለ አሜሪካ ሊያጫውተው ሞከረ፣ ኸር አሎይስም ስለ ላቲን፤ ቬንደል «አገጭህን ቀና» ብቻ ይላል። ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ጭራሽ ባላነሳት ኖሮ ይሻለው ነበር፤ የልጅቷ ሙቀት ካፖርቱ ውስጥ ቀርቶበታል።

ሐሙስ ዕለት በሩ ተከፈተና እማማ ፐርሲዳ ገባች። ሴት እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም። ስፓሶዬ አረፋውን እንደለበሰ ብድግ አለ።

«ውጣ» አለችው። በአረፋው ወጣ። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ቬንደልን በመስተዋቱ ውስጥ አየችው።

«ልትላጨኝ ነው ወይስ ልትሰማኝ?»

«ልስማዎት እማማ።»

«ባሌ በግማሽ ጺም ቤት የገባ ለት ያንተን ስም ስንት ጊዜ እንደረገምኩ ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ጥሩ።» ሻሿን አጠበቀች። «እግዜርን ልሸውደው ፈለግሁ፣ ቬንደል። ድንገቱን ቀጠሮ ሰጠሁት! የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነበር። እሱ ደግሞ አንተን ላከ፤ እኔ የላከውን መለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር...» ለቅሶዋን ለመደበቅ የምላጩን መሳያ ጠፍር መጎተት ጀመረች። «መጠመቂያው የቄሱ ነው። እዚያ አሮጌው ኩማችን ይቁም፣ ጸሎቱን ብቻ ይድገም። ፀጉሯ ግን የእኛ ነው! እምነቱ ከእኛ የተለየን ሰው በፀጉር ኩም እናደርጋለን፤ አያቶቻችን ከቱርክ ጋር እንኳ አድርገውታል። ፀጉር የቆረጠ ኩም ነው፣ ስም ያወጣ ኩም ነው። አባንም ጠይቄያለሁ፤ አንተ ባወጣኸው ስም አጠምቃታለሁ ብለዋል። እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

ቬንደል ምላጩን ሦስት ጊዜ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር።

«እማማ፣ ኩም ሁን የተባለ ሰው እምቢ አይልም፣ አይደል?»

«አይልም።»

«እንግዲያው ለምን ይጠይቁኛል?»

«ማን ጠየቀህ? ነገርኩህ እንጂ!» ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ቩኮሳቫ ጥሩ ስም ነው። ተኩላ ያለበት ስም ክፉ ነገር አይደፍረውም።»

«ስም አውጣ ብለው ስም ይሰጡኛል እንዴ?»

«አልሰጠሁህም። አፌ አምልጦኝ ነው።»

ስም ለማውጣት ግን ቬንደል ማሰብ አላስፈለገውም። ሐሙስ ሳይመሽ ያውቀው ነበር። ቴክላ። ሰርቦችም ያቺን ቅድስት ያከብራሉ፣ ስሙን ያወጣሉ፤ ማንም ባዕድ ነው አይልም። ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልጠራው ስም መንደር ውስጥ ሊሮጥ ነው፤ «ቴክላ፣ ነይ!» ሊባል ነው። ለኸር አሎይስ ብቻ ነገረው። ፋርማሲስቱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፣ «ያምራል» ብቻ አለ።

እሁድ የዢቫን ግቢ ሞላ። የዶሮ ሾርባ፣ በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ፣ የፕሪም አረቄ። አርካዲዬ ከሰባት ልጆቹ ጋር መጣ፤ «ዛሬ ተጠርቼ ነው» እያለ ለሰው ሁሉ ይናገራል። እናት በልማዱ ከእንግዳው ጋር አትቀመጥም፤ ውስጥ ክፍል ሆና ልጇን ለኩሙ ታስረክባለች፣ ስሙንም ከውጭ ሲጠራ ነው የምትሰማው። ቬንደል ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ሪዙን እንደ መርፌ አሹሎ፣ ብቻውን ወደ ውስጥ ገባ።

ስሚልያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ልጇ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ትላለች። እሱን ስታይ ደንግጣ ዝም አለች።

«ምን አልሻት?»

«ምንም ማይስቶር። ይኸው ይውሰዷት።»

«ጆሮዬ ፀጉር ቤት ነው ያደገው ልጄ። ሹክሹክታ አያመልጠውም።»

ወደ በሩ ተመለከተች፤ የአማቷ ድምፅ ሩቅ ነው። «ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለች። «የመጀመሪያው ስም ሳይኖረው ሄደ። መቃብሩ ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደማለቅስ አላወቅሁም። ሁለተኛው የወጣለት ስም የእሱ ሳይመስለኝ፣ ገና ሳልለምደው ሄደ። ይቺን ከተወለደች ቀን ጀምሮ በልቤ አንድ ስም አውጥቼ እጠራታለሁ። ማንም አልሰማኝም። አሁን እርስዎ ሲያወጡላት እተወዋለሁ፤ እውነቴን ነው፣ እለምደዋለሁ።»

«ማን ነው ያልሻት?»

«ኔቬና።»

ኔቬና ከአበባ የተወሰደ ስም ነው፤ በረዶ እስኪወርድ ድረስ በየአጥሩ ሥር የሚቆይ ቢጫ አበባ። አትጠወልግም ማለት ነው።

ቬንደል ቆመ። ቴክላ ምላሱ ጫፍ ላይ ናት። አስቡት እስቲ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቀው መብት ነው፣ ማንም አይቀማውም፣ ንጉሥም ቢሆን። ልጅቷም የሞተች ሚስቱን ስም ብትይዝ ማን ይጎዳል? እናቷም ትለምደዋለች፤ ራሷ ብላለች። ቴክላ ብትሆንስ ኖሮ፣ ብሎ አሰበ፣ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሁለት ቀብራ ሦስተኛዋን የታቀፈችው ቴክላ ብትሆን? በጣም አመመው። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ሕፃኗን ተቀበለና ወጣ።

አሮጌው ኩም ጧፍ ይዟል። ቬንደል መቀሱን አነሳ፤ በሕይወቱ ስንት ሺህ ራስ ያስተካከለ ሰው፣ ዛሬ ገና ከመጀመሪያው ፀጉር ጀመረ። ከግንባሯ አንድ ዘለላ፣ ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ ቆርጦ በልማዱ ጧፉ ሰም ላይ ለጠፋቸው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ሪዙን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ሁሉም አፍ አፉን ያያል። እማማ ፐርሲዳ ከንፈሯ «ቩኮሳቫ፣ ቩኮሳቫ» ይላል፣ ድምፅ ሳያወጣ።

«ስሟ» አለ ቬንደል፣ ልጅቷን ከፍ አድርጎ። «ስሟ ኔቬና ይሁን።»

«በዕድሜ፣ በጤና ያድርግላት!» ብሎ ግቢው አስተጋባ። ሙዚቃው ጀመረ። ኸር አሎይስ ግን ሰው እየገፋ ወደ እሱ መጣ።

«ቬንደል፣ ሐሙስ ዕለት እኮ...»

«ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው፣ ኸር አሎይስ።»

ፋርማሲስቱ አየው፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል በርም አየ። ባሕርይው አይደለም፤ ግን ያን ቀን ያወቀውን ሳይናገር አደረ። ቬንደል ልጅቷን ለእናቷ አስረክቦ ሲወጣ እማማ ፐርሲዳ ሁለት ብርጭቆ አረቄ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ቩኮሳቫ ይሻል ነበር» አለች። «ግን አያስከፋም። የእኛ ስም ነው። እንዴት መጣልህ? ማን መከረህ?»

«ኩም ይጠየቃል እንዴ?»

«አይጠየቅም።» ብርጭቆውን አቀበለችው፣ የራሷን አነሳች። «ጠጣ፣ ኩም።»

ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቃት ቃል መጣች፤ እሱ ግን አልሰማትም ብል አልዋሸሁም። ከበሩ ጀርባ ስሚልያ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ፣ ማንም ይስማ ብላ፣ በስሟ እየጠራቻት ነበር። ደጋግማ ትጠራታለች። ቬንደል ብርጭቆውን እንደያዘ ሳይጠጣ ቆሞ ያዳምጣል።